ለየትኛው ሩጫ?

«ጋሼ፣ ይቺን ቶሎ ስፋልኝ፤ ነገ ልምምድ አለብኝ» ይላል ልጁ፣ ጫማውን ከፌስታል አውጥቶ እያቀበለኝ። እኔ መጀመሪያ ገልብጬ ሶሉን አያለሁ። ከዚያ «ለየትኛው ሩጫ ነው የምትፈልጋት?» እላለሁ። «ለሩጫ ነዋ!» ይለኛል፣ ጥያቄው ግራ ገብቶት። መርካቶ ውስጥ ጫማ ሰፊ ፊት የቆመ ሰው የሚጠብቀው የዋጋ ክርክር ነው። እኔ ግን መልሱን ሳልሰማ ወስፌ አላነሣም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ሙያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ለመማር ብዙ ጫማ አበላሽቻለሁ።

የምሠራበት ቦታ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ውስጥ ሲገባ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በአንዱ ነው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ዱካ፣ ጫማ የሚገለበጥበት የብረት እግር፣ ሦስት ወስፌ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የማስቲሽ ቆርቆሮ። ከምናለሽ ተራ በኩል የመዶሻው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አያርፍም። ከጎጃምና ከወለጋ በአውቶቡስ የሚመጣ ወጣት አዲስ አበባን መጀመሪያ የሚረግጣት እዚህ ሰፈር ስለሆነ፣ ሯጭ ለመሆን የመጣውም ከሻንጣው ቀድሞ የሚያስጠግነው ጫማውን ነው። ውጭ አገር ሮጠው የተመለሱት ደግሞ ያረጀባቸውን ወይም ያልተስማማቸውን ለታናናሾቻቸው ይሰጣሉ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው የቆዳ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና እጃቸው የተባረከ ነበር። የሩጫ ጫማ ግን ለሳቸው ሸራ ጫማ ነው። አንድ ቀን ከሳልባጅ ክምር ውስጥ ከሥሩ ሚስማር የወጣበት ጫማ ተገኘ። ያየው ሁሉ የተበላሸ ታኬታ መሰለው። «ሚስማሩን ንቀልና ለጥ ያለ ሶል ለጥፍበት፤ ይሸጣል» አሉኝ። ነቀልኩ፣ ለጠፍኩ፣ ተሸጠ። እንዲህ አድርጌ ስንቱን የመሮጫ ስፓይክ የገበያ መሄጃ እንዳደረግሁት አሁን ሳስበው ያመኛል። በዚያን ጊዜ እኮ አንድ ስፓይክ ለማግኘት ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ልጅ ጃን ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ እየሮጠ ነበር።

ያስቆመኝ በዕድሜ የገፋ የክለብ ሯጭ ነው። ልነቅለው ፒንሳ የያዝኩበትን ጫማ ከእጄ ወሰደና «እስቲ እጠፈው» አለኝ። በሁለት እጄ ብታገለው አልታጠፍ አለ። «ተረከዙን ተመልከት» አለኝ። ተረከዝ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከኋላ ስስ ጎማ ብቻ ነው። «ይሄ የ100 ሜትር ነው። የሚሮጥበት ሰው ተረከዙን መሬት አያስነካም። እንዳይታጠፍ የተሠራው እግሩ መሬቱን ሲገፋ ኃይሉ እንዳይባክን ነው። በዚህ 10 ሺህ ሜትር የሮጠ ሰው ባቱ ያልቃል።» ሌላ አንሥቶ አጠፈው፤ እሱ እንደ እንጀራ ተጠቀለለ። «ይሄ ደግሞ የረጅም ርቀት ነው።» በዚያች ግማሽ ሰዓት ሩጫ አንድ ነገር አለመሆኑ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጫማ ሲመጣልኝ ማንበብ ጀመርኩ። በመም ላይ የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ ግራ ነው። አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፤ 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት መታጠፊያ አለ። ስለዚህ በአንድ ውድድር 50 ጊዜ ሰውነቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ይታጠፋል። ይህ ጫማው ላይ ይጻፋል። የግራው ሶል በውጭ ጠርዙ፣ የቀኙ ደግሞ በውስጥ ጠርዙ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ሶሉን አይቼ «አንተ መም ላይ ነህ» ስለው ልጁ ጠንቋይ የሆንኩ ይመስለዋል። አስፋልት ላይ የሚውለው በሁለቱም እኩል ይጨርሳል፤ ከኋላ በውጭ በኩል ቀድሞ ይሳሳል። ኮሮኮንች ላይ የሚለማመደው ሶሉ ተነካክሶ ነው የሚመጣው። እንጦጦ ጫካ የሚወጣው ደግሞ ከሶሉ በፊት የፊት ጨርቁ ይቀደዳል፤ ሥርና ድንጋይ የሚመቱት እዚያ ላይ ነው።

ሚስማር የራሱ ጣጣ አለው። ለመም የሚፈቀደው ርዝመት 9 ሚሊሜትር ነው፤ በአንድ ጫማ ከ11 መብለጥ የለበትም። ጭቃ ላይ ለሚሮጥ ረዘም ያለ ይገባለታል። ልጆቹ ይህን ስለማያውቁ አንዱን ሚስማር ለሁሉም ሲጠቀሙበት ራሱ አልቆ ድቡልቡል ይሆናል፤ ከዚያ በቁልፍ አይፈታም። ዝጎ ከፕላስቲኩ ጋር ሲጣበቅ በጉልበት ያወጣው ሰው የቀዳዳውን ጥርስ ይጨርሰዋል፣ ጫማው ከዚያ በኋላ ሚስማር አይይዝም። እኔ ነጭ ጋዝ በጠብታ አድርጌ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ አፉን በሞረድ ሁለት ጎን አስተካክዬ በፒንሳ ቀስ ብዬ ሳዞረው ይወጣል። ባለጫማው ቆሞ ካጣደፈኝ አልሠራለትም፤ ሚስማሩ ማደር አለበት።

ከሩጫዎቹ ሁሉ ለእኔ ከባዱ አገር አቋራጭ ነው። መም ልኩ የታወቀ ነው፣ አስፋልትም እንደዚያው። አገር አቋራጭ ግን ሣር፣ ጭቃ፣ ዳገት፣ ጉድጓድ፣ በዚያ ላይ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የሚነሣበት ነው። ጫማ ከእግር የሚወልቀው እዚያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ መጋቢት 2000 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ ገና ሩጫው እንደተጀመረ ከኋላው ተረግጦ ጫማው ወለቀ። ቆሞ አጠለቀው። ሕዝቡ ሁሉ አልፎት ሄደ። ከዚያ አንድ በአንድ እየለቀመ ደርሶ አሸነፈ፤ ስድስተኛው የረጅሙ ርቀት የዓለም አገር አቋራጭ ድሉ ነበር። ሰው ይህን ሲያወራ የቀነኒሳን ጉልበት ያደንቃል፤ ልክ ነው። እኔ የማደንቀው መቆሙን ነው። ያ ሁሉ ሰው እያለፈው ጎንበስ ብሎ ክሩን የሚያስር ሰው ጫማ ለዚያ መሬት ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነው።

የራሴን በደል የምናገረውም እዚሁ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የስፓይኳ የፊት ፕላስቲክ ከላዩ ተላቆ መጣችብኝ። በማግስቱ ጃን ሜዳ ትሮጣለች። ያላት ያ ብቻ ነው። ቶሎ ልሸኛት ፈልጌ የድሮውን ማስቲሽ በደንብ ሳልፍቅ በላዩ አዲስ ቀባሁና ጨፍልቄ ሰጠኋት። ሰኞ ዕለት ጫማውን ይዛ መጣች። ከጣቶቹ ጀምሮ እስከ መሃል ተከፍቶ ጭቃ ጎርሷል። ዱካዬ አጠገብ አስቀመጠችውና ዝም አለች። አልሰደበችኝም፣ ገንዘቤን መልስ አላለችኝም። «ስንተኛ ወጣሽ?» ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጠግኜ ሰጠኋት፤ ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ ከዚያ በኋላ ግን አላየኋትም። እስከ ዛሬ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲመጣ እጄ የሚዘገየው በእሷ ምክንያት ነው።

ማስቲሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። የድሮው ሙጫ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ንጹሑ ጎማ እስኪታይ ድረስ መውጣት አለበት። አዲሱ በሁለቱም በኩል በስሱ ይቀባል። ከዚያ ይጠበቃል፤ በጣት ሲነኩት ሳይጣበቅ እስኪለቅ ድረስ። ሞቅ ይደረግና ይገጠማል፤ አንዴ ከተገጠመ ማስተካከል የለም። በመዶሻ ከመሃል ወደ ዳር ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ታስሮ ያድራል። በጥር ብርድ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ለአገር አቋራጭ ከሆነ ከጣቶቹ ፊት ዙሪያውን በክር እሰፋዋለሁ፤ ጭቃ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነው። የማራቶን ጫማ ግን በፍጹም አልሰፋም። ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ አረፋ አለ፣ በመሃሉ የካርቦን ዝርግ አለ። ወስፌ የገባበት ቀን ያ ጫማ ሞቷል። ለአንዱ ሩጫ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

የ800 እና የ1500 ሜትር ሯጮች ጫማ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። አገራችን እግሯ ረጅም ርቀት ላይ ስለተተከለ መካከለኛው ርቀት እንደ እንጀራ ልጅ ሲታይ ኖሯል። መሐመድ አማን በ2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ጽጌ ዱጉማም በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሊምፒክ ብር ስታመጣ፣ በሳምንቱ «የ800 ስፓይክ አለህ?» የሚሉኝ ልጆች መጡ። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊት የማልሰማው ነበር።

3 ሺህ ሜትር መሰናክል ደግሞ ውኃ አለበት። 28 ጊዜ ደረቅ መሰናክል፣ 7 ጊዜ የውኃ ጉድጓድ ይዘለላል። መሰናክሉ ቀላል አይደለም፣ ቢመቱት አይወድቅም፤ ሯጩ ነው የሚወድቀው። ጫማው ውኃ መጠጣት የለበትም፤ የጠጣውንም ወዲያው መትፋት አለበት። የመሰናክል ሯጭ ጫማ ሲመጣልኝ አንደኛው ብቻ ተበልቶ አገኘዋለሁ፤ ጉድጓዱ ፊት ያለውን እንጨት የሚረግጥበት እግር ነው። ማስቲሹም በውኃ ስለሚላላ ለዚህ ሩጫ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ።

ነሐሴ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ትቼ ከጎረቤት ሻይ ቤት የሪዮ ኦሊምፒክን የመሰናክል ማጣሪያ እያየሁ ነበር። እቴነሽ ዲሮ እየመራች ሳለ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተጋጭታ ወደቀች፤ ተነሣች። ጫማዋ ግን ከተረከዙ ወጥቶ ነበር። ጎንበስ ብላ ልታስገባው ሞከረች። ሻይ ቤቱ በሙሉ «አውልቂው! ተይው!» ብሎ ጮኸ። እኔ የጮኽኩት ሌላ ነበር፤ «ክሩን ፍቺ!» ነው ያልኩት። ክሩ ጠብቆ የታሰረ ስፓይክ ሳይፈታ ተረከዝ አይገባበትም፤ ያን የሚያህል ጊዜ ደግሞ የላትም። አውልቃ ወረወረችው፣ ካልሲዋንም አወለቀች፣ በአንድ ባዶ እግር መሰናክሉንና ውኃውን እየዘለለች ጨረሰች። ሰባተኛ ወጣች፤ ስታለቅስ አየናት። በኋላ አቤቱታው ተሰምቶ ለፍጻሜው አለፈች። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ያ ወድቆ የቀረው ጫማ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሰናክል ጫማ ስጠግን የተረከዙን ጀርባ በእጄ ጨብጬ አየዋለሁ። ከለሰለሰ በውስጥ ቆዳ ደርቤ አጠነክረዋለሁ። መርካቶ ያለ ጫማ ሰፊ ለሪዮ ምንም አይደርስም፤ ሰንዳፋ ወይም አሰላ ለምትሮጠው ልጅ ግን ይደርሳል።

ተረከዝ መርገጥ ከኛም በኩል ተደርጓል። በ1985 ዓ.ም. ሽቱትጋርት ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ የኬንያውን ሞሰስ ታኑይን ከኋላ ረግጦት፣ ታኑይ ጫማውን አራግፎ የመጨረሻውን ዙር በአንድ ጫማ ሮጠ፤ ኃይሌ በመጨረሻዋ ሰዓት አልፎት አሸነፈ። ታኑይ ሁለት ጫማ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃል። ኃይሌ ራሱ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። 25 ዙር ተሮጦ የዓይን ጥቅሻ በማትሞላ ልዩነት! ስለዚህ ከጫማ ላይ አንድ ጠብታ ማስቲሽ ስቀንስ የምቀንሰው ነገር ከንቱ አይመስለኝም።

ሰው ሁሉ ስለ ሩጫ ጫማ ሲነሣ የሚያነሣብኝ አበበ ቢቂላን ነው። «እሱ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ? ጫማ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ጫማ አላደረገም፤ እውነት ነው። በባዶ እግሩ የሮጠው ግን የተገኘለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ የሚስማማው ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገባ። ለእኔ የአበበ ታሪክ የማይስማማ ጫማን እምቢ ያለ ሰው ታሪክ ነው። ልጆቹ ቁጥሩ የሚጠባቸውን ጫማ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሲወስዱ ሮምን አነሣባቸዋለሁ።

የጎዳና ሩጫ ጫማ በእኔ ዘመን ከሁሉም በላይ ተለውጧል። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር። ይህን ስሰማ ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴው ዘንድ ሄጄ ሚዛኑ ላይ የአበሻ እንቁላል ደረደርኩ፤ ሦስት እንቁላል ያህል ነው። ዋጋው 500 ዶላር፣ ዕድሜው አንድ ማራቶንና ጥቂት መለማመጃ። እንዲህ ያለ ጫማ ጥገና የለውም፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ ይዤ ፊቱ ምንም የማልሠራ ሰው ነኝ። ቢሆንም ትዕግሥትን የማነሣት ለሌላ ነገር ነው። ያቺ ልጅ በ2008ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። ከሁለት ዙር ወደ 42 ኪሎ ሜትር! ሯጭ ርቀቱን ሊቀይር ይችላል ማለት ነው፤ ሲቀይር ግን ጫማውን፣ አረጋገጡን፣ ልምምዱን ሁሉ አብሮ ይቀይራል።

ውፍረትም ሕግ አለው። ለጎዳና የሚፈቀደው የሶል ውፍረት 40 ሚሊሜትር ነው፤ ለመም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ 20 ሆኗል። ደራራ ሁሪሳ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየናን ማራቶን አንደኛ ጨርሶ ካበቃ በኋላ የሶሉ ውፍረት 50 ሚሊሜትር ሆኖ ስለተገኘ ድሉ ተሰረዘ። አንድ ሳንቲ ሜትር። ዜናውን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር ተሮጦ በጣት ጥፍር ስፋት መቅረቱ አንገበገበኝ። «ጋሼ፣ ሶል ጨምርልኝ፤ ይለስልስልኝ» የሚሉኝን ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ አውጥቼ ለክቼ አሳያቸዋለሁ። ለልምምድ ከሆነ እጨምራለሁ። ለውድድር ከሆነ አንድ ወረቀት እንኳ አልጨምርም።

የሚያሳዝነኝ ነገር ይህ ሁሉ እውቀት አንድ ጫማ ብቻ ላለው ልጅ ብዙም የማይጠቅም መሆኑ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጫካ የሚሮጥበት፣ ማክሰኞ መም ላይ የሚፈጥንበት፣ ሐሙስ አስፋልት የሚወጣበት፣ እሑድ የሚወዳደርበት ያው አንዱ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ጠባዩ ወይም ስንፍናው ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን ስንት ጊዜ የጫማው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ግድግዳዬ ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ጫማዎች አሉ፤ አይሸጡም። ርቀቱን የቀየረ ሯጭ የድሮውን ትቶ የሚስማማውን ይወስዳል። ክለብ የገባና ጫማ የተሰጠው ልጅ አሮጌውን ያመጣልኛል፤ ጠግኜ እሰቅለዋለሁ። ከሥሩ በኖራ እጽፋለሁ፤ «መም»፣ «ጭቃ»፣ «አስፋልት»፣ «ጫካ»። ጎረቤቶቼ ቦታ አባከንክ ይሉኛል። ቦታው ጠባብ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ግን አላወርዳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡስ የወረደ ልጅ መጣ፤ ከቲሊሊ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። በፌስታል የያዘው የ100 ሜትር ስፓይክ ነበር፤ የሸጠለት ሰው ርካሽ ነው ብሎ አስይዞታል። «ስንት ሜትር ነው የምትሮጠው?» አልኩት። «እስካሁን የሮጥኩት አገሬ ላይ ነው፤ ርቀቱን አላውቅም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ማለዳ ነበር፣ መተላለፊያው ገና አልተጨናነቀም። «እስከ በርበሬ ተራው ጥግ በባዶ እግርህ ሮጠህ ተመለስ» አልኩት። አፈረ፤ ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ሄደ። ጭነት የተሸከመ ወዛደር «ዘወር!» ሲለው በጎን ሾልኮ አለፈ። ሲመለስ እግሩን አየሁት፤ መሃሉ ያርፍና ተረከዙ ቀስ ብሎ ይነካል፣ ትንፋሹ አልተነሣም፣ ትከሻው አይወዛወዝም። በእጄ የነበረውን ስፓይክ መሬት አስቀመጥኩና ከግድግዳው ላይ «ጭቃ» የሚለውን አወረድኩ። ከዚያ ትንሽ አሰብኩና «ጫካ» የሚለውንም ጨመርኩበት። «ቁጭ በል፤ ክሩን ሳትፈታ እንዳታጠልቅ» አልኩት።